መንገዱን የሚለቅ ሰው

መርካቶ፣ ሸማ ተራ
መጋቢት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም ሐዋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ያ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ለውጥ አመጣ ወይስ ቆዳሽን ብቻ አቃጥሎ ቀረ? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጓሮሽ ያለው አቮካዶ፣ ሁሉም ደህና? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ማሂራ ሰላም በልልኝ ብላለች። ወላሂ ናፍቀሽኛል።

መቼስ «ይሄ ወንድሜ በየጁምዓው ሲደውል ኖሮ ዛሬ ምን ነክቶት ወረቀት ሰደደ?» ማለትሽ አይቀርም። ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው፤ ድምፅ ይቆራርጣል። ደብዳቤውን አብዱልሰላም ያደርስልሻል፤ ለሐዋሳ ሱቆች ዕቃ የሚያመላልሰው ደንበኛዬን ታውቂው የለ? መልስሽንም ለእሱ ስጪው።

ሙስአብ ለምን ስልክ አያነሳም ብለሽ ማሂራን ጠይቀሻት ነበር አሉ። ልጅሽ ደህና ነው። ሰሞኑን ከሳይክሉ ወድቆ እግሩን ትንሽ አሞታል፤ ሐኪም ይረፍ ስላለው ተኝቷል። ስልኩም ያኔ ሲወድቅ ተሰበረ። አንቺ ደግሞ ይህን ስትሰሚ በዚያ ጉልበትሽ አውቶቡስ ላይ ልትንጠለጠዪ ነው፤ እንዳታደርጊው። ሲሻለው እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ባለፈው በስልክ መንገዱ ምን ዓይነት ነው ላልሽው፣ መንገዱማ ዘንድሮ አምሮበታል። ከአብነት ወደ እኛ ተራ በሚያመጣው አስፋልት ዳር መስከረም ላይ ቢጫ መስመር አሰመሩበት። ውስጡ ሳይክል ተስሏል። ሕጉ መኪና እንዳይገባ፣ ሳይክል እንዳይወጣ ነው። ሳይክል ነጂው የግድ መውጣት ካለበት ወደ ኋላ አይቶ፣ እጁን ዘርግቶ ነው፤ መኪናውም ያንን እጅ ሲያይ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ልጅሽ ነው፤ እኔ የት አውቄ! የተራው ሰው ቀለሙ ሳይደርቅ ምን አለ መሰለሽ? «አላህ ይስጣቸው፣ የጨርቅ ቦንዳ የምናሳርፍበት ቦታ ቀብተው ሰጡን!» ወላሂ የመርካቶ ሰው ተረብ አያልቅበትም። መርካቶ መቼም ባዶ ቦታ አይወድም፤ ጠዋት ባዶ ያየሽው ቦታ ሳይረፍድ ባለቤት ያገኛል። ሙስአብ ግን በዚህ ነገር ይነጫነጭብኝ ነበር፤ «አጎቴ፣ ይሄ እኮ የእኔ መንገድ ነው» ይለኛል። «መንገድ የአላህ ነው፣ ዝም ብለህ ንዳ» እለዋለሁ።

ፋሲካ ደርሷል፤ ነጠላውና ጋቢው ከሱቁ ተርፎ ደጅ ወጥቷል። ወላሂ እንደ ዘንድሮ ገበያ አይቼ አላውቅም። በዱዓሽ አትርሺን።

ወንድምሽ ጁነዲን

*

ሐዋሳ
ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጁነዲን፣

ወዐለይኩሙሰላም። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ አብዱልሰላም መኪና ተበላሽቶበት ዘግይቷል።

ጉልበቴን ተወው። ስልክ ያለው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ነገር አለ። ያንተ ተበላሸ እንበል፣ የማሂራስ? ትናንት ማታ ደወልኩላት፤ «ደህና ነው» አለችኝና አለቀሰች። ደህና ለሆነ ልጅ ይለቀሳል እንዴ? አንተን አቅርቢልኝ ብላት ሶላት ላይ ነው አለችኝ። በዚያ ሰዓት ምን ሶላት አለ?

እግሩን አልከኝ። የትኛውን እግሩን? ተሰብሮ ነው፣ ወለም ብሎት ነው? ሰው ስለ ታመመ ልጅ ሲጽፍ የትኛው እግር እንደሆነ ይጽፋል። ስለ ቢጫ መስመር ግን ገጹን ሞላኸው።

ያን ልጅ ሳይክል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ማን ነበረውና? ከኋላ ኮርቻውን ይዤ፣ ያኔ ጉልበት ነበረኝ፣ እስከ ሐይቁ ድረስ እየሮጥኩ። «እጅህን ሳትዘረጋ እንዳትታጠፍ» ብዬ ስንቴ እንደጮህኩበት አላህ ያውቃል። እዚህ ልጅ እጁን ከዘረጋ ባጃጁም መኪናውም ይጠብቀዋል፤ ከተማው በሳይክል ያደገ ነው። መርካቶ ስሰደው የፈራሁት ይህንን ነበር፤ አንተ ግን «እኔ እያለሁ!» አልከኝ። አደራ ብዬ ነው የሰጠሁህ።

ነገ ጁምዓ ለጉልበቴ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ። እግሩን ብቻ ነው ስላልከኝ እሱን ልጨርስና ከነገ ወዲያ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ለሚነሳ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ሲደርስህ መናኸሪያ ጠብቀኝ። እሱ መነሳት ከቻለ ይዘኸው ና፤ ካልቻለ ብቻህን ና።

ሐዋ

*

መርካቶ
ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም፣

አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ወላሂ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ያን ቅዳሜ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ሐጂ ዘይኑዲንና ሽማግሌዎቹ ቆመው ስታዪአቸው፣ ማንም ምንም ሳይልሽ ሻንጣሽን መሬት ላይ አስቀምጠሽ «መቼ?» ያልሽው ድምፅሽ ከጆሮዬ አልወጣም። ጁምዓ ንጋት ላይ ሞተ፣ ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። አንቺ ያን ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘሽ ነበር። የዋሸሁሽ ተስፋ ስላደረግኩ ነው። ይነቃል፣ ይነሳል፣ ያኔ ከራሱ አፍ ትሰሚዋለሽ ብዬ ነበር። አፉ በይኝ።

ለቅሶው ላይ አንዴም ዓይኔን አላየሽም። ስትመለሺም «እንዳትደውልልኝ፤ የምትለኝ ካለህ ጻፍልኝ» አልሽኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ አባታችን? እሺ፣ እጽፋለሁ።

በአብዱልሰላም የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል፤ «ልጄ መስመሩ ውስጥ ነበር ወይስ ወጥቶ ነበር?» ብለሻል። እታለም፣ ልጅሽ መስመሩን አልለቀቀም። በመስመሩ ሲሄድ ሚኒባሱ ገብቶ ነው የመታው። ልጅሽ አላጠፋም፤ ይህ ይጽናናሽ። ለፖሊስም የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው። ሾፌሩ ሀብተሚካኤል የሚባል የአብነት ልጅ ነው፤ አሁን ታስሯል።

ረመዷን ሊገባ ነው። ሳይክሉን ማሂራ ጓዳ አስገብታዋለች፤ የፊት ጎማው ብቻ ነው የተጣመመው። ልላክልሽ ወይስ እዚህ ይቀመጥ?

ጁነዲን

*

ሐዋሳ
ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጁነዲን፣

ሳይክሉን አትላክ። አትሽጠውም።

ሽማግሌ ልከህብኛል፤ አንተ አይደለህም ብትለኝም አላምንህም። ሐጂ ዘይኑዲን፣ ከእሳቸው ጋር ደግሞ የሾፌሩ አጎት ጋሼ ሀብተ ወልድ መጡ። ጾም ስለሆነ ለእስላሙ የማቀርበው አልነበረኝም፤ ለክርስቲያኑ ዳቦና ሻይ ሰጠሁ። ሐጂ ዘይኑዲን ስለ ዕርቅ ሲናገሩ፣ ጋሼ ሀብተ ወልድ ዳቦውን ይዘው ያለቅሳሉ። አሳዘኑኝ። ግን እምቢ ብያለሁ።

ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገርህ። እኛ ልጆች ሆነን፣ ያ ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ በጎረቤታችን ልጅ ላይ የወደቀበት ሰውዬ ትዝ ይልሃል? አውቆ እንዳልገደለ አገር ያውቅ ነበር። ቢሆንም ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ የሟች ወገን በመንገድ ከመጣ መንገዱን ለቅቆ ይወርዳል። እሾህ ከሆነ እሾህ ውስጥ፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ጀርባውን ይሰጣል፤ አልፈው እስኪርቁ ዞር አይልም። አንተ ትንሽ ስለነበርክ «እማዬ፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው ግድግዳ የሌለበት ግድግዳ የሚያየው?» ብለህ ነበር። እማዬ ምን አለችህ? «ደም ያለበት ሰው መንገድ ይለቃል።»

የከተማው ሕግም ከዚያ አይርቅም፤ መኪናው ለሳይክሉ ይልቀቅ ነው የሚለው። ልጄ መስመሩን ካልለቀቀ፣ ያ ሰው ያልተሰጠው ቦታ ገብቶ ነው የገደለብኝ። ለሙስአብ ያልለቀቀውን መንገድ ለእኔ ይልቀቅልኝ። እዚያው እስር ቤት ይቆይ። ዳኛው ስንት ዓመት እንደሚፈርድበት አላውቅም፣ ስንትም ቢሆን እኔ ጋ ዕርቅ የለም።

ጉልበቴን አትጠይቀኝ።

ሐዋ

*

መርካቶ
ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም፣

ረመዷን ከሪም። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ሙቀት ነው፤ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት የሰው ከንፈር ደርቆ ነው የሚገናኘው።

ሽማግሌዎቹን የላክሁት እኔ ነኝ። እውነትሽን ነው። አትቆጪኝ። «የሟች አጎት ሆኖ ለገዳይ ምን አስለመነው?» ብለሻቸዋል አሉ። እታለም፣ ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ወላሂ ክፉ ሰው አይደለም። ያን ዕለት እኮ ሳይሸሽ ቆሞ ልጅሽን በራሱ እጅ አንስቶ፣ በራሱ ጃኬት ጭንቅላቱን ደግፎ፣ በዚያው ሚኒባስ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ሌላው ቢሆን ጥሎ ይጠፋ ነበር።

ሚስቱ ባይነሽ ትባላለች፤ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሆዷ ገፍቷል። ለባሏ ምሳ ይዛ ስትሄድ በሱቄ በር ነው የምታልፈው። በፊት በፊት አይታኝ ታልፍ ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ቆመችና «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልልዎትም፤ ያዩትን ብቻ ይናገሩ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ኮቴዋን ስሰማ ጓዳ እገባለሁ።

እስቲ አስቢው፣ ይቅር ብትዪው ምን ይቀርብሻል? ሙስአብ አይመለስ። ዕርቅ ካለ ፍርድ ቤቱ ያቀልለታል ይላሉ። በዚህ በተከበረ ወር ይቅር ያለ ምን ያህል ምንዳ እንዳለው አንቺ ለእኔ የምትነግሪኝ ነሽ። ደግሞ መንገዱም ጥፋት አለበት፣ ዕድልም አለ፣ ገበያውም አለ። ያ መስመር እኮ ከመስከረም ጀምሮ ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ሰው ጥፋት አለበት። አንድ ሰው ላይ ብቻ መጣሉ ለእኔ አልታየኝም።

እባክሽ እታለም። ለእኔ ብለሽ።

ጁነዲን

*

ሐዋሳ
ግንቦት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጁነዲን፣

ባይነሽ እኔ ጋ መጥታለች። በዚያ ሆዷ፣ በአውቶቡስ፣ ብቻዋን። በሩን ከፍቼ ሳያት ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ ገባኝ፤ ካልገባኝማ ምኑን እናት ሆንኩ! ከደጃፉ ወርዳ ቦይ ውስጥ ቆመች። እዚያው ሆና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ክርስቲያን ናት፣ የከተማ ልጅ ናት፣ ይህን ሥርዓት ማን እንዳስተማራት እንጃ፤ ጋሼ ሀብተ ወልድ መሆን አለባቸው። እጇን ይዤ አስገባኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን እንባ ለሁለታችን ተወው።

ያለችኝን ልንገርህ። ባሏ ምሎ የሚናገረው እንዲህ ነው። «ልጁ በመስመሩ ሲመጣ ከፊቱ መስመሩ ተዘጋበት፤ ወደ ኋላ አየ፣ እጁን ዘረጋ፣ ወጣ። እኔ እጁን አይቻለሁ። ግን ፍሬን በመያዝ ፈንታ ክላክስ ነፋሁ፤ መርካቶ የምንነዳው እንዲያ ነው፣ ክላክስ ከነፋህ የነገርከው ይመስልሃል። ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ይሄን አልክድም። መስመሩ ውስጥ ግን አልገባሁም። ልጁን ሐኪም ቤት አድርሼ ስመለስ መስመሩ ተጠርጎ ጸድቷል፣ ሳይክሉም ከአስፋልቱ ላይ ተነስቶ መስመሩ ውስጥ ተጋድሟል። መኪናዬ ከቦታው ስለተነሳ ትራፊኩ የአደጋውን ፕላን የሠራው በሱቅ ሰዎች ቃል ነው።»

መስመሩን የዘጋው ምን ነበር አልኳት። አልመለሰችልኝም፤ አንተን እንዳታስቀይም ፈርታ ነው። አብዱልሰላምን ጠርቼ ጠየቅሁት። ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

ሁለቱም ባይናገሩ ነገርከኝ እኮ፣ አንተው! ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው። አንተ ወላሂ ሳትል አንድ ገጽ አትጨርስም። ስለ ናፍቆትህ ወላሂ አልክ፣ ስለ ገበያው ወላሂ አልክ፣ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ሾፌሩ ደግነት ወላሂ አልክ። ስልኬ ተበላሸ ስትል ግን ወላሂ የለም። እግሩን ነው ስትል የለም። መስመሩን አልለቀቀም ስትል የለም። አላህን ትፈራለህ፣ እሱን አውቃለሁ። እኔን ነው ያልፈራኸኝ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ማለት ይኼው ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ሾፌሩ ልጄን በራሱ እጅ አነሳው ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። እሱ ልጄን ሲያነሳ፣ አንተ ምን ታነሳ ነበር?

ሐዋ

*

መርካቶ
ግንቦት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም፣

እንደዚህ አድርገሽ ትጽፊልኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። እኔ ወንድምሽ ነኝ። ያን ልጅ እንደ ልጄ ነው ያየሁት፤ ማሂራን ጠይቂያት፣ ከእኔ በፊት ለእሱ ነበር የምታቀርብለት።

ቦንዳ ያስቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ? ከአብነት ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ ሂጂና እዪ። ጎረቤቴ ያስቀምጣል፣ ፊት ለፊቴ ያለው ያስቀምጣል፣ ጋሪ ይቆምበታል፣ ጭነት ይራገፍበታል። የፋሲካ ዕቃ በዚያ ጠዋት ገባ፤ ሱቁ ሞልቷል፤ የት ላድርገው? ራሴ ላይ? እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ልጅሽ ራሱ ዕቃው ሲገባ አብሮን ተሸክሟል፣ ከዚያ ነው ለደንበኛ ነጠላ ለማድረስ ወደ አብነት የሄደው፤ እዚያ እንደተቀመጠ ያውቅ ነበር። ሲመለስ ነው የሆነው። ደግሞ ቦንዳ ሰው ይገድላል እንዴ? ቦንዳ ቆሞ ነው የሚውለው። የገደለው መኪና ነው።

ለፖሊስ ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው «ልጁ መስመሩን ለቆ ወጥቶ ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» እንዳይልብሽ ብዬ። ስሙን ነው ያዳንኩት። ይሄም ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው።

ምን ታነሳ ነበር ላልሽኝ፣ ግርግር ነበር። ሰው እንዲያ ባለ ሰዓት እጁ ምን እንደሚሠራ አያውቅም።

ዒድ ከነገ ወዲያ ነው። ልምጣ? ተራዊሕ ስሰግድ ሁሌ አስብሻለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ቀብሩ ላይ ሆነሽ እንኳ ያላየሽኝን ዓይንሽን አሳዪኝ።

ጁነዲን

*

ሐዋሳ
ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጁነዲን፣

ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። አንተው ነህ የጻፍክልኝ፤ ረሳኸው?

በዒድ ማግስት ሐጂ ዘይኑዲንና ጋሼ ሀብተ ወልድ ዳግመኛ መጡ። ዕርቁን ተቀብያለሁ። ሀብተሚካኤል ጥፋት አለበት፤ እጁን እያየ ክላክስ ነፋ፣ ለዚያ ዳኛው የሚገባውን ይስጠው። ግን ጥፋቱን አምኗል፣ ልጄን አንስቷል፣ ሚስቱ ደጄ ቦይ ውስጥ ቆማለች። የእሱ ቤት መንገዱን ለቅቆልኛል። ባይነሽ ስትወልድ ለአራስነቷ እሄዳለሁ ብያታለሁ።

ስሙን ነው ያዳንኩት ላልከው፣ ልጄ መስመሩን መልቀቁ ነውር አይደለም። ተዘጋበት፤ እንዳስተማርኩት ወደ ኋላ አየ፣ እጁን ዘረጋ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ «እጁን ሳይዘረጋ ይሆን?» እያልኩ ነው ያደርኩት። አንተ ስሙን ላድን ብለህ ይቺን ነሳኸኝ። ልጄ ትምህርቴን አልረሳም፤ ይህን የነገረኝ ወንድሜ ሳይሆን ገደለው ያልከኝ ሰው ነው።

ልምጣ ላልከው፣ አትምጣ።

ሰኔ 10 ሰኞ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ። እመጣለሁ። አንተ ከዚያ በፊት ለፖሊስ የሰጠኸውን ቃል አስተካክል፤ እኔ እዚያ ስገባ አንተ እዚያ እንዳትገኝ። ስጨርስ ልጄ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ከአብነት ጀምሬ በእግሬ እሄደዋለሁ፣ በቢጫው መስመር ውስጥ። ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል ነው፤ ከዘራ ይዣለሁ። ቦንዳህን አንሳ።

ስመጣ ስታይ መንገዱን ልቀቅ። ጀርባህን ስጠኝ፣ አልፌ እስክርቅ ድረስ አትዙር። ሸማ ተራም ይሁን፣ መስጊድ በርም ይሁን፣ የሰው ለቅሶም ይሁን፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትገናኘኝ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ልትልክ ትችላለህ፤ መላኩ መብትህ ነው፣ መቀበሉ የእኔ። መቼ እንደምቀበል አላውቅም። ያ ባለ ግንዱ ሰውዬ ስንት ዓመት እንደቆየ ታስታውሳለህ? እኔም አላስታውስም፤ ግን ቤቱን ለቅቆ ሳይሄድ ጠብቋል።

የምትጽፍልኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የቀረህ። የጠየቅሁህን መልስበት።

ሐዋ

*

መርካቶ፣ ሸማ ተራ
ሰኔ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም፣

ቦንዳ ነበር የማነሳው።

ወላሂ ቦንዳ ነበር። ከወዛደሮቹ ጋር ሆኜ፣ ትራፊክ ሳይመጣ ብዬ። ሙስአብ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ «አንድ ሰው ያግዘኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ። የመጨረሻዋን ቦንዳ ሱቅ አስገብቼ ስወጣ መኪናው ሄዷል። ከዚያ ሳይክሉን ጎትቼ መስመሩ ውስጥ አስገባሁት። እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ቃሌን ሐሙስ ዕለት አስተካክያለሁ። በሐሰት መስክረሃል ብለው ስሜን መዝግበውኛል፤ ሲጠሩኝ እቀርባለሁ። ማሂራ እህቷ ጋ ሄዳለች። የተራው ሰውም ተቀይሞኛል፤ «አንተ ስትናገር መስመሩን ያስጠብቁብናል፣ እንጀራችንን ዘጋህ» አሉኝ።

ትናንት ስትመጪ ከሩቅ ለየሁሽ። ጥቁር ሻሽሽን አየሁ፣ ከዘራሽን አየሁ፤ ከዚያ ሌላ አላየሁም። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ቦይ ውስጥ ወረድኩ፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጀርባዬን ሰጠሁሽ። ወዛደሮቹ ሳቁብኝ። «ጋሼ ጁነዲን ምን ጠፋባቸው?» አሉ።

የእኔን በር ባዶ አድርጌው ነበር። ከማለዳ ጀምሬ ጠርጌ፣ ከበሩ ቆሜ ስጠብቅልሽ ነው የዋልኩት። ጎረቤቶቼን ለምኛቸው ነበር፤ ለአንድ ከሰዓት ብቻ አንሱልኝ፣ እህቴ ታልፋለች አልኳቸው። እሺ ብለውኝ ነበር።

ከዘራሽ አስፋልቱን ሲነካ ሰማሁት። በእኔ በር ስታልፊ አልቆምሽም። ትንሽ ሄደሽ ግን ቆምሽ። ያኔ ገባኝ፤ ጎረቤቴ አላነሳም። መስመሩ ተዘግቶብሻል። ከዚያ ክላክስ ሰማሁ፣ ረጅም ክላክስ፣ እዚያችው ቦታ ላይ።

ያ ረቢ! አንገቴ ሊዞር ነበር። ግድግዳውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አትዙር ብለሻል፤ ብዞር ከዚያ በኋላ ሽማግሌም አይገባልኝ ነበር። ብጮህ ደግሞ ስምሽን ምን አፍ ይዤ እጠራለሁ? እንዲያው ቦይ ውስጥ ቆሜ ሻሃዳ እላለሁ።

ከዘራሽ እንደገና ተሰማኝ። ቀስ እያለ፣ እየራቀ ሄደ። እስኪጠፋ ድረስ ቆምኩ፣ ከጠፋም በኋላ ቆምኩ።

ስጠይቅ እንደሰማሁት አንድ ሚኒባስ ቆሞ አሳልፎሻል፤ እጅሽን ዘርግተሽ ነበር አሉ። እኔ አላየሁም። ሰዎቹ ናቸው የነገሩኝ።

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን ቦንዳ ራሴ አንስቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ተሰደብኩ። ነገም አነሳለሁ። ሐጂ ዘይኑዲን መቼ ልሂድልህ ብለውኛል፤ እህቴ ስትፈቅድ አልኳቸው። እስከዚያ ወደ ሐዋሳ አልመጣም፤ መንገዱ ያንቺ ነው።

ጁነዲን